ጭስ ማውጫ የማይፈልገውን የጋዝ ግንድ ማሞቂያ በቤት ውስጥ በጥንቃቄ ስለመትከል

በዋሽንግተን፣ በሜሪላንድና በሰሜን ቨርጂኒያ በሚገኙ ቆየት ያሉ ቤቶች ሳሎን ውስጥ በጡብ የተገነባ የእንጨት ምድጃ ማግኘት የተለመደ ነው። ቤቱን የገዛው ሰው ግን ከሁለትና ከሦስት ክረምት በኋላ እንጨት መሸከሙ፣ አመድ መዛቁና ጭስ ማውጫውን ማስጠረጉ ይሰለቸውና በቦታው የጋዝ ግንድ ለማስገባት ይነሣል። የጋዝ ግንድ የሚባለው ሙቀት ከሚችል ሴራሚክ በእንጨት አምሳል ተቀርጾ በጋዝ ማቃጠያ ላይ የሚደረደር ሲሆን፣ ዓይነቱ ሁለት ነው። አንደኛው የሚነደው ጭስ ማውጫው ተከፍቶ ነው፤ ነበልባሉ ለዓይን ቢያምርም አብዛኛው ሙቀቱ ከጭሱ ጋር ሽቅብ ይሄዳል። ሁለተኛው፣ ብዙዎች «ቬንት ፍሪ» የሚሉት፣ ጭስ ማውጫ ሳይፈልግ የሚነድና ሙቀቱን ለክፍሉ የሚያስቀር ነው። ይህ መመሪያ ስለ ሁለተኛው ነው።

ስሙ ሰውን ያሳስታል። ጭስ ማውጫ አይፈልግም ማለት ከሚነደው ጋዝ የሚወጣ ነገር የለም ማለት ሳይሆን፣ የሚወጣው ሁሉ ሳሎን ውስጥ ይቀራል ማለት ነው። ጋዙ በደንብ ሲነድ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ የውሃ ተንና ጥቂት ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ይወጣል፤ አነዳዱ ሲበላሽ ደግሞ ጥቀርሻና ሽታም ቀለምም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ይጨመርበታል። ስለዚህ የቤቱ አየር ራሱ ጭስ ማውጫ ሆኖ ያገለግላል፤ ክፍሉ ለምን እንደሚለካ፣ ግንዱ ለምን ከቦታው ንቅንቅ እንደማይል፣ መስኮት ለምን ገርበብ እንደሚደረግ የሚገባው ይህን አስቀድሞ ለተረዳ ሰው ነው።

ከመግዛት በፊት

መጀመሪያ የሚኖሩበት አካባቢ ሕግ ይህን ማሞቂያ ይፈቅድ እንደሆነ ይጠይቁ። በካሊፎርኒያ በመኖሪያ ቤት ውስጥ መትከል ክልክል ነው፤ በካናዳም አይፈቀድም። በሌሎች ግዛቶች የሚፈቀድባቸው ቦታዎች ብዙ ቢሆኑም፣ ከተማው ወይም ካውንቲው የራሱን ገደብ ሊጨምር ይችላል። በሜሪላንድ በሞንጎመሪና በፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲዎች፣ ለምሳሌ፣ የጋዝ ቧንቧ ሥራን ፈቃድና ፍተሻ የሚቆጣጠረው ውሃ የሚያቀርበው ደብልዩኤስኤስሲ የተባለው ድርጅት ነው፤ ይህን የማያውቅ ሰው ካውንቲው ቢሮ ሄዶ ተሰልፎ ይመለሳል። እንደ ዴንቨር ባሉ ከፍታ ቦታዎች የሚኖሩ ደግሞ ማሞቂያው እስከ ስንት ጫማ ከፍታ ድረስ እንዲሠራ እንደተፈተነ መመሪያው ላይ ሳያዩ መግዛት የለባቸውም።

አሜሪካ ውስጥ በስፋት የሚሠራበት የግንባታ ደንብ ሦስት ነገሮችን አጥብቆ ይናገራል። የአንዱ ማሞቂያ ጉልበት በሰዓት ከ40,000 ቢቲዩ (የሙቀት መጠን መለኪያ ነው) መብለጥ የለበትም። ለመኝታ ክፍል የሚፈቀደው ግድግዳ ላይ የሚሰቀል እስከ 10,000 ቢቲዩ ያለው፣ ለመታጠቢያ ክፍል እስከ 6,000 ቢቲዩ ያለው ብቻ ነው፤ የግንድ ማሞቂያዎች አብዛኞቹ ከዚህ እጅግ ስለሚበልጡ መኝታ ቤት አይገቡም። ሦስተኛው፣ ይህ ማሞቂያ የቤቱ ብቸኛ ማሞቂያ ሊሆን አይችልም። ይህንን ሦስተኛውን የምጠቅሰው በምክንያት ነው። ከወገኖቻችን መካከል ቤዝመንቱን ለአዲስ መጪ የሚያከራይ ብዙ ነው፤ ዋናው የሙቀት መስመር ወደ ታች ስለማይደርስ «አንድ የጋዝ ግንድ ብናስገባ ይበቃዋል» የሚል ሐሳብ ይመጣል። አይበቃውም። መስኮቱ ትንሽ፣ ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ ተከራዩም እዚያው የሚተኛበት ክፍል ለዚህ ማሞቂያ ከሁሉም የማይመቸው ቦታ ነው። ቤት ውስጥ አስም ያለበት ሰው ወይም ጨቅላ ሕፃን ካለም፣ በእኔ አስተያየት፣ ጭስ ማውጫ ያለውን ዓይነት መምረጥ ይሻላል።

ክፍሉን መለካት

የክፍሉን ርዝመት፣ ስፋትና የጣሪያ ከፍታ በጫማ ይለኩና ያባዙ። ለእያንዳንዱ 1,000 ቢቲዩ ቢያንስ 50 ኪዩቢክ ጫማ አየር ያስፈልጋል። ለምሳሌ ርዝመቱ 14፣ ስፋቱ 12፣ ከፍታው 8 ጫማ የሆነ ሳሎን 1,344 ኪዩቢክ ጫማ ይይዛል፤ ይህ ለ50 ሲካፈል ከ27 ትንሽ ያንሳል። ስለዚህ ያ ሳሎን የሚችለው ከ26,880 ቢቲዩ ያልበለጠ ማሞቂያ ነው፤ ሱቅ ውስጥ በብዛት የሚታየው የ30,000 ወይም የ33,000 ቢቲዩ ግንድ ለእሱ ይበዛበታል። ሻጭ «ወደ ታች ይቀንሱታል» ቢልዎት አይቀበሉ፤ ስሌቱ የሚሠራው በማሞቂያው ከፍተኛ ጉልበት ነው።

ከሳሎኑ ቀጥሎ ያለው ክፍል መዝጊያ በሌለው ሰፊ መተላለፊያ የሚገናኝ ከሆነ ስፋቱ አብሮ ይቆጠራል፤ በር ያለው ክፍል ግን፣ በሩ ሁልጊዜ ክፍት ነው ቢባል እንኳ፣ አይቆጠርም። በዚያው ቦታ ከቤቱ ውስጥ አየር እየሳበ የሚነድ የጋዝ ውሃ ማሞቂያ ወይም ፈርነስ (የቤቱ ዋና ማሞቂያ) ካለ የእሱም ቢቲዩ ይደመራል። መስኮቶቻቸው በቅርቡ የተቀየሩ፣ ስንጥቃቸው ሁሉ የተደፈነ ቤቶች ከድሮዎቹ ያነሰ አየር ስለሚያስገቡ፣ ስሌቱ ልክ ድንበሩ ላይ የሚወድቅ ከሆነ አንድ ደረጃ ዝቅ ያለውን ማሞቂያ ይውሰዱ።

ምድጃውን ማሰናዳት

ከዓመታት የእንጨት ጭስ የተረፈው ጥቀርሻና ሙጫ መሰል ዝቃጭ እንዳለ ከሆነ አዲሱ ማሞቂያ ያንን እያሞቀ ሽታውን ወደ ሳሎን ይመልሰዋል፤ ስለዚህ ጭስ ማውጫው በባለሙያ ይጠረግ፣ የምድጃው ወለልም ከአመድ ፈጽሞ ይጽዳ። ከወለሉ ሥር የአመድ መጣያ ቀዳዳ ካለ ይደፈን፤ ከታች የሚመጣ ነፋስ ነበልባሉን ያዛባል፣ አመዱንም እያነሣ ማቃጠያው ላይ ይበትናል። ምድጃው በጡብ የተገነባ ሳይሆን ከፋብሪካ የመጣ የብረት ሣጥን ከሆነ፣ ውስጡ የተለጠፈውን ብረት ወይም ወረቀት ፈልገው ያንብቡ። ሣጥኑ ለዚህ ዓይነት ማሞቂያ ያልተፈተነ ከሆነ ሥራው እዚህ ላይ ይቆማል።

ሙቀቱ ወደ ሰማይ መውጣቱ ቀርቶ ወደ ፊትና ወደ ላይ ስለሚመጣ፣ ከምድጃው በላይ ያለው የእንጨት መደርደሪያ ከእንጨት እሳት ጊዜ ይልቅ አሁን በብዙ ይግላል። መመሪያው ውስጥ መደርደሪያው ወደ ፊት በወጣ ቁጥር ስንት ኢንች ከፍ ማለት እንዳለበት የሚያሳይ ሠንጠረዥ አለ፤ በሜትር ለክተው ያመሳክሩ። ቁመቱ ካልበቃ በምድጃው አፍ ላይ የብረት ግንባር ማድረግ ያስፈልግ ይሆናል። ከመደርደሪያው በላይ ቴሌቪዥን የሰቀለ ሰው ግን ወይ ቴሌቪዥኑን፣ ወይ ማሞቂያውን መምረጥ ይኖርበታል። የመስታወት በር ያለው ምድጃ ከሆነ፣ ማሞቂያው በሚነድበት ጊዜ በሩ ፈጽሞ ክፍት መሆን አለበት።

ጋዙ

የተፈጥሮ ጋዝና ፕሮፔን አንድ አይደሉም። የማቃጠያው ቀዳዳዎችና የቫልቩ ግፊት ለአንዱ የተሠሩ በመሆናቸው ለተፈጥሮ ጋዝ የተሠራውን ከፕሮፔን ጋር ማገናኘት እሳቱን ከሚገባው በላይ ያንቦገቡገዋል፣ ጥቀርሻም ያበዛል። ማሞቂያው ላይ የተለጠፈውን ምልክት ከቤትዎ ጋዝ ጋር ሳያስተያዩ ሣጥኑን አይክፈቱ፤ የተከፈተ ዕቃ ለመመለስ ያስቸግራል። የፕሮፔን ሲሊንደር ምንጊዜም ከቤት ውጭ ይቀመጣል። ከአገር ቤት ቡታጋዙን ወጥ ቤት ውስጥ ማስቀመጥ የለመድን ሰዎች ይህንን ልማድ እዚህ መተው አለብን፤ ፕሮፔን ከአየር ስለሚከብድ ቢያፈስ ወደ ወለል ወርዶ በተለይ ቤዝመንት ውስጥ ይጠራቀማል።

ቧንቧውን ራስዎ እንዲዘረጉ አልመክርም። ፈቃድ ያለው የጋዝ ሠራተኛ ይቅጠሩ፤ የሥራ ፈቃድ አውጥቶ እንዲሠራና ሲጨርስም በተቆጣጣሪ እንዲያስፈትሽ አስቀድመው ይስማሙ። ፈቃድ ሳይወጣ የተሠራ የጋዝ ሥራ አደጋ በደረሰ ቀን ከኢንሹራንስ ጋር፣ ቤቱ በሚሸጥበት ቀን ደግሞ ከገዢው ፈታሽ ጋር ያጣላል። ሆኖም ገንዘብ የሚከፍሉት እርስዎ ስለሆኑ ምን ማየት እንዳለብዎ ይወቁ። ከማሞቂያው በ6 ጫማ ርቀት ውስጥ፣ እጅ በቀላሉ የሚደርስበት መዝጊያ ቫልቭ መኖር አለበት። ጋዙ ማሞቂያው ውስጥ ከመግባቱ በፊት ወደ ታች የሚወርድ፣ ቢያንስ 3 ኢንች የሚረዝም፣ ጫፉ የተደፈነ አጭር ቧንቧ መኖሩን ይዩ፤ ዝገትና ቆሻሻ ቫልቩ ውስጥ ከመግባቱ በፊት እዚያ ይወድቃል። ብዙ ሠራተኛ ጊዜ ለመቆጠብ ይህቺን ትንሽ ቧንቧ ይዘላታል። የቧንቧው ፍተሻ ከግማሽ ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) በላይ በሆነ ግፊት የሚደረግ ከሆነ ማሞቂያው ከመስመሩ ተፈትቶ መለየት አለበት፤ የቤት ጋዝ የሚመጣው የተፈጥሮው በ7 ኢንች፣ ፕሮፔኑ በ11 ኢንች የውሃ ዓምድ (ለአነስተኛ ግፊት የሚያገለግል መለኪያ) ገደማ በሆነ በጣም ቀላል ግፊት ነው፤ ቫልቩም የተሠራው ይህንኑ እንዲችል ነው።

ሠራተኛው ከሄደ በኋላ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና በውሃ በጥብጠው በትንሽ ብሩሽ እያንዳንዱን መጋጠሚያ ይቀቡ፤ ይህ ሥራ የእርስዎ ነው። አረፋ እየነፋ የሚያድግበት መጋጠሚያ ጋዝ ያፈስሳል። በክብሪት ወይም በላይተር መፈተሽ እስከ ዛሬ የሚያደርገው ሰው መኖሩ ያስገርመኛል።

ግንዶቹን መደርደር

ከሁሉ ቀላል የሚመስለው፣ ግን ችግሩ ሁሉ የሚመጣው ከዚህ ሥራ ነው። በእንጨት እሳት ግንዱን እንደፈለጉ ያገላብጡታል፤ ጭስ ማውጫ ያለው የጋዝ ግንድም ቢሆን መጠነኛ ነፃነት ይሰጣል። በዚህኛው ግን እያንዳንዱ ግንድ ፋብሪካ ውስጥ የተፈተነው በአንድ ቦታ ብቻ ተቀምጦ ነው። ነበልባሉ በግንዶቹ መካከል በተተወው ክፍተት በነፃነት ማለፍ አለበት፤ ከሚገባው በላይ ግንዱን ከመታ እሳቱ ነዶ ሳይጨርስ ይቀዘቅዝና ጥቀርሻና ካርቦን ሞኖክሳይድ ይሆናል።

የኋላው ትልቅ ግንድ ቀድሞ ይቀመጣል። ከሥሩ ሁለት ትናንሽ ቀዳዳዎች አሉ፤ እነሱ ከብረት ማቀፊያው ከሚወጡት ሁለት ሹል ችንካሮች ጋር መግጠም አለባቸው። ግንዱን በሁለት እጅ ይዘው በዝግታ ሲያወርዱት ችንካሩ ገባ የሚለው በእጅዎ ይታወቅዎታል፤ ከዚያ በኋላ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ቢገፉት አይነቃነቅም። ከተነቃነቀ አልገባም። የፊተኛው ግንድ ቀጥሎ፣ በላያቸው እንደ ቅርንጫፍ የሚጋደሙት ትንንሾቹ መጨረሻ ይቀመጣሉ፤ እነዚህም ብዙውን ጊዜ የተቦረቦረ ማረፊያ ወይም ምልክት አላቸው። የተሰበረ ግንድ በማጣበቂያ አይጠገንም፣ ከሌላ ሞዴል የመጣ ግንድም አይገባም።

አንድ ጎረቤቴ፣ በዕድሜ ከእኔ የሚበልጡ ሰው፣ በጥር ወር ጠርተውኝ ከምድጃው በላይ ያለውን ነጭ ግድግዳ አሳዩኝ። የቤተሰቡ ፎቶ ተሰቅሎበት የነበረው ቦታ ሲነሣ አራት ማዕዘን ነጭ ሆኖ ቀርቷል፤ ዙሪያው ግን እንደ ከሰል ቤት ግራጫ ሆኗል። ማሞቂያውን አጥፍተን እስኪቀዘቅዝ ጠብቀን ስናየው ላይኛዋ ቅርንጫፍ ከማረፊያዋ ሁለት ጣት ያህል ዞራለች። «ፊት ለፊት ስትታይ እንድታምር ብዬ እኔው ነኝ ያዞርኳት» አሉኝ። በጣታቸው ሥሯን ቢነኩት ጥቀርሻው እንደ ቬልቬት ለስልሶ ተነሣ። ቅርንጫፏን ወደ ቦታዋ ከመመለስ በስተቀር ሌላ ጥገና አላስፈለገም፤ ግድግዳው ግን ሁለት ጊዜ ቀለም ጠጥቷል።

የፍም መልክ የሚሰጠው ጥጥ መሰል ነገር ከዕቃው ጋር በትንሽ ከረጢት ይመጣል። በጣት እየተቆነጠረ፣ አተር አተር የሚያህል እየሆነ፣ መመሪያው በሚያሳየው ቦታ ብቻ ስስ ሆኖ ይበተናል። ሁሉንም መጨረስ ግዴታ አይደለም። የማቃጠያውን ቀዳዳዎች ወይም ፓይለቷን (ዋናውን እሳት የምትለኩሰውን ትንሽ ነበልባል) መሸፈን የለበትም፤ ለማሳመር ተብሎ ድንጋይ መጨመርም አይፈቀድም።

የመጀመሪያው እሳት

የማሞቂያውን እጀታ ወደ መዝጊያው አዙረው 5 ደቂቃ ይጠብቁ፤ ከዚያም አካባቢውን፣ በተለይም ወለሉን ዝቅ ብለው ያሽትቱ። የጋዝ ሽታ ካለ መብራት አያብሩም፣ አያጥፉም፤ ቤተሰቡን ይዘው ወጥተው ከውጭ ሆነው 911 ይደውላሉ። ሽታ ከሌለ እጀታውን ወደ ፓይለት ያዙሩና በእጅዎ ብቻ ወደ ውስጥ ይጫኑት፤ በእጅ አልዞር ያለ እጀታ በፒንሳ አይገደድም፣ ባለሙያ ይጠራል። እንደተጫኑት ማቀጣጠያውን ደጋግመው ይምቱ። በአዲስ መስመር ውስጥ አየር ስለሚኖር ፓይለቷ ለመያዝ አንድ ሁለት ደቂቃ ልትወስድ ትችላለች። ከያዘች በኋላ ለ30 ሰከንድ ያህል ተጭነው ቆይተው በዝግታ ይልቀቁ። ከጠፋች 5 ደቂቃ ጠብቀው እንደገና ይሞክራሉ፤ ያ ጥበቃ የተከማቸው ጋዝ እስኪበተን ስለሆነ አይታለፍም።

ይህቺ ፓይለት መለኮሻ ብቻ አይደለችም። በክፍሉ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ሲቀንስ ነበልባሏ ከሙቀት መለኪያው ጫፍ እየራቀች ሄዳ ጋዙ ራሱ እንዲዘጋ ተደርጋ የተሠራች ናት። ንጹሕ አየር ውስጥ 21 በመቶ ገደማ ኦክስጅን አለ፤ 18 በመቶ ከመድረሱ በፊት ማሞቂያው መጥፋት አለበት። ነገር ግን ካርቦን ሞኖክሳይድን አትለካም፤ ኦክስጅን ሳይቀንስ ግንድ ተዛብቶ ካርቦን ሞኖክሳይድ ቢመጣ ምንም አታውቅም። ስለዚህ በእያንዳንዱ ፎቅ፣ በመኝታ ክፍሎች አጠገብም የካርቦን ሞኖክሳይድ ደወል ይኑር። ተራው ደወል በአየሩ ውስጥ ከሚሊዮን 70 እጅ ካርቦን ሞኖክሳይድ ቢኖርም ከአንድ እስከ አራት ሰዓት ሳይጮኽ እንዲቆይ ደረጃው ይፈቅድለታል፤ ቁጥሩን በመስኮቱ የሚያሳየውን ቢገዙ ከዚያ በፊት ያያሉ።

በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት አዲሱ ቀለምና ሴራሚክ ሲቃጠል ሽታ ይኖራል፤ መስኮት ከፍተው፣ ልጆችን ከክፍሉ አርቀው ያስጨርሱት። ከ15 ደቂቃ በኋላ ነበልባሉን ይመልከቱ። ሥሩ ሰማያዊ፣ ጫፉ ቢጫ ቢሆን ደንብ ነው፤ ጫፉ ጥቁር ጭስ የሚተፋ ከሆነ ግን አጥፍተው፣ ግንዶቹ ሲቀዘቅዙ ድርድሩን እንደገና ይፈትሹ።

ክረምቱን ሙሉ

ማሞቂያው ሲነድ ከሚያወጣው ሁሉ ሰው የማይገምተው ውሃውን ነው። የ30,000 ቢቲዩ ማሞቂያ ለሦስት ሰዓት ተኩል ቢነድ አንድ ጋሎን፣ ማለትም አራት ሊትር ገደማ ውሃ በተን መልክ ወደ ክፍሉ ይለቃል። መስኮቱ ጠዋት ካላበው፣ በግድግዳው ጥግ ጥቁር ነጠብጣብ የሻጋታ ምልክት ካዩ፣ ማሞቂያው ከክፍሉ አቅም በላይ እየነደደ ነው። በሚነድበት ሰዓት አንድ መስኮት አንድ ኢንች ያህል ገርበብ ማድረግ ሙቀት ቢያባክንም አስፈላጊ ነው፤ ለተከታታይ ብዙ ሰዓት ማንደድ፣ አንድዶ መተኛትም አይገባም። መብራት በጠፋ ጊዜ ብዙዎቹ ሞዴሎች ያለ ኤሌክትሪክ ስለሚነዱ ውለታቸው ትልቅ ነው፤ ያኔ ግን ሌሊቱን ሙሉ የማንደድ ፈተናውም ይበረታል።

የእኛ ቤት ከሌላው የሚለይበት አንድ ነገር አለ። ማሞቂያው የክፍሉን አየር ስቦ ስለሚያነድ፣ አየሩ ውስጥ ያለው ሁሉ በእሳቱ ያልፋል። ዕጣን ሲጨስ፣ ቡና ሲቆላ፣ ሻማ ሲበራ የሚነሣው ጭስ በእሳቱ ሲያልፍ ሽታውን ይቀይራል፣ ግድግዳም ላይ ጥቀርሻ ሆኖ ያርፋል፤ የፀጉር ስፕሬይና የቀለም ሽታም እንዲሁ ነው። ስለዚህ ቡና በሚፈላበት ሰዓት ማሞቂያውን ያጥፉ። በከሰል ማፍላት የሚወድ ሰው ደግሞ ከሰሉ ከዚህ ማሞቂያ ይልቅ አያሌ እጥፍ ካርቦን ሞኖክሳይድ እንደሚያወጣ አይርሳ፤ ዝግ ቤት ውስጥ ከሰልና ጭስ ማውጫ የሌለው ማሞቂያ አንድ ላይ ሊነዱ አይገባም።

በዓመት አንዴ፣ ብርዱ ሳይገባ፣ ማሞቂያው በባለሙያ ይጽዳ። የፓይለቷ አየር መሳቢያ ቀዳዳ ከመርፌ ቀዳዳ ብዙ አይበልጥም፤ የምንጣፍ ብናኝና የድመት ፀጉር በቀላሉ ይደፍኗታል፤ ያኔ ሰማያዊ የነበረችው ነበልባል ቢጫ ትሆናለች፣ ትዝላለች፣ ማሞቂያውም በራሱ ይጠፋል። ብዙ ሰው ይህን ብልሽት ብሎ ደጋግሞ ያቀጣጥላል። ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ራሱን ካመመው፣ ከዞረበት፣ ካቅለሸለሸው፣ ውጭ ሲወጣም ከተሻለው፣ ማሞቂያው ይጥፋ፣ መስኮቱ ይከፈት፣ ሁሉም ይውጣና 911 ይደወል። ሕመም ባይኖርም ፓይለቷ በአንድ ምሽት ሁለት ጊዜ ከጠፋች የመዝጊያውን ቫልቭ ይዝጉ፣ ክፍሉን ያናፍሱ፤ ባለሙያው መጥቶ እስኪያይ ድረስ ሦስተኛ ጊዜ አይለኩሱ።